የመናኸሪያው ጎሽ

«ጎሹን አስይዝልኝ ብዬሃለሁ እኮ! ገንዘቡ ዛሬ እስከ አስር ሰዓት ይደርስሃል» ሲል ጣቢታ በግድግዳው በኩል ሰማችው። ገና ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ወንድሟ አክሊሉ ለመስቀል ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ አምስት ቀኑ ሲሆን፣ ስልክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው አለመሆኑን በእነዚህ አምስት ቀናት ሰፈሩ በሙሉ ተረድቶታል። ጣቢታ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆማ ቀረች። አስይዝልኝ የሚባለው አልጋ ነው፤ የአውቶቡስ ወንበር ነው፤ ቢበዛ የሠርግ አዳራሽ ነው። ጎሽ ሲያስይዙ ግን ሰምታ አታውቅም። «ስልሳ ሺህ ራንድ ምን አላት?» አለ ደግሞ፣ ስለ አንድ ኪሎ ቲማቲም የሚያወራ ይመስል። ጣቢታ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሰው ናትና ማባዛት አያቅታትም። ወደ ብር ስትመልሰው ግማሽ ሚሊዮን ሊሞላ ትንሽ ቀረው። አረፋውን ዋጠችው።

ቁርስ ላይ ነገሩ ፍርጥርጥ ብሎ ወጣ። ያወጣችውም ራሷ ጣቢታ ናት፤ ሆዷ ነገር አይቋጥርም። ሳሎኑ አክሊሉ በላከው ብር የዛሬ ሦስት ዓመት የተሠራ ሰፊ ክፍል ነው። ጥግ ይዞ የሚታጠፈውን ትልቁን ሶፋ እናታቸው ወይዘሮ ሮማን ከዳር እስከ ዳር ዳንቴል አልብሰውታል። አባታቸው መምህር ዕንባቆም ግን በዚያ ሶፋ ላይ አንድ ቀን ተቀምጠው አያውቁም፤ ከድሮው ቤት ይዘዋት በመጡት የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጸልየው፣ የቡላ ገንፏቸውን በቅቤ እያጠቀሱ ይበላሉ። አክሊሉ መደበቁ እንዳላዋጣው ሲያውቅ ማንኪያውን አስቀመጠና ማብራራት ጀመረ። እዚያ እሱ ሱቅ በከፈተበት ከተማ አጠገብ አንድ ባለ እርሻ አለ፤ እኛ ላም እንደምናረባው እሱ ጎሽ ያረባል። የፈለገ ሰው ከፍሎ ያድናል። መሪ ይመደብለታል። መሪው በመኪና ይወስደዋል፤ እዚህ ጋ ቁም ይለዋል፤ አሁን ተኩስ ይለዋል። ምሳም በዋጋው ውስጥ ነው። ጓደኛው ዮሲ ቀኑን ሊያስይዝለት ነውና ዛሬ ክፍያው ካልደረሰ ተራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ብትስተውስ?» አለች ጣቢታ።

«መሪው ይተኩስልኛል።»

«ሥጋውስ?» አሉ ወይዘሮ ሮማን።

«ሥጋው የባለ እርሻው ነው። ለእኔ ቀንዱን ይሰጡኛል።»

ወይዘሮ ሮማን ሲናደዱ አማርኛቸውን ጥለው ወደ ሀዲይኛ ይገባሉ። ገብተው ብዙ ተናገሩ፤ ሲመለሱ ይዘውት የተመለሱት «ለቀንድ!» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ቄራው በር ላይ ቀንድ በጆንያ ተሞልቶ ውሻ ሲዘለው ይውላል። ከፍሎ፣ ገድሎ፣ ሥጋውን ለሰው ትቶ የሚመጣ አዳኝ በየት አገር ታየ? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ ዶሮዋም ቢሆን ሥጋዋ ለባለቤቷ ቀርቷል። አክሊሉ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ቅድመ አያታቸው ላምቤቦ ጊቤ በረሃ ወርዶ ጎሽ በመግደሉ ስሙ እስከ ዛሬ እንደሚጠራ፣ ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎች አሁንም «የጎሽ ገዳዩ ዘር» እያሉ ቦታ እንደሚለቁላቸው አስታወሰ። «ከእሱ ወዲህ ከዚህ ቤት ምን ወጣ? መምህርና ፋርማሲስት!» አለ። ጣቢታ «ስላሳፈርንህ ይቅርታ» ብላው ሻይ ቀዳችለት። ከዚያ ሁሉም ወደ አባታቸው ዞሩ፤ አክሊሉ ከሁሉም ይልቅ ዞረ። መምህር ዕንባቆም የጎረሱትን እስኪውጡ ማንንም አላዩም።

«ሲሮጥ ትከተለዋለህ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ በመኪና።»

«እንግዲያውስ የገደለው መኪናው ነው» አሉና ወደ ገንፏቸው ተመለሱ።

መምህር ዕንባቆም ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምረዋል። በአፉ ሀዲይኛ ይዞ የሚመጣን ልጅ ፊደል አስቆጥረው፣ ግስ አስረብተው፣ ድርሰት አስጽፈው ነው የላኩት። ከአስር አስር ላገኘ ተማሪ ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ «ጎሽ!»። ሌሎቹ መምህራን «በጣም ጥሩ» ሲጽፉ እሳቸው ጎሽ ናቸው። ያንን ቀይ ቃል ያገኘ ልጅ ደብተሩን ገልጦ እንደያዘ ነው ቤቱ የሚገባው፤ አማርኛ የማያውቁ እናቶች እንኳ የእነዚያን የሁለቱን ፊደላት መልክ ለይተው ያውቁት ነበር። ለራሳቸው ልጆች ግን ከአስር አስርም ቢያገኙ የሚጽፉት «በርታ» እና «በርቺ» ነበር። ለልጁ አደላ እንዳይባሉ ነው። ጣቢታ ነገሩን ገና ሦስተኛ ክፍል ሳለች ንቃ ተወችው። አክሊሉ ግን አልተወውም። አራተኛ ክፍል ሳለ ቀይ እስክሪብቶ ገዝቶ በገዛ ደብተሩ ላይ ራሱ «ጎሽ!» ብሎ ጻፈ። አባቱ ሲያገኙት አልተቆጡም፤ አልገረፉትምም። ዝቅ ብለው ተመለከቱትና «ሽ ተጣማለች፤ ድገማት» አሉት። ዛሬም ድረስ ጣቢታ ይህን ስታስታውስ ትስቃለች፤ ከሳቀች በኋላ ደግሞ ታዝናለች።

አክሊሉ በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ በኬንያ በኩል ወጥቶ፣ በስንት መከራ ደርሶ፣ ስልክ ሲደውል ቤቱ በለቅሶና በእልልታ ሲናወጥ አባቱ ስልኩን ተቀብለው ያሉት «በርታ» ነው። ሱቅ ሲከፍት «በርታ»። ይህ ቤት አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ፓስተሩ መርቀውት፣ ጎረቤት ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሲዞረው፣ መምህር ዕንባቆም ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡና «የጣራው አሸንዳ ጠባብ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠባብ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው በረንዳው ላይ ይፈሳል። ግን እንደዚያ ቀን እውነት የከበዳት ጊዜ ለጣቢታ የለም። ስለዚህ ወንድሟ የትኛውን ጎሽ እንደሚያድን ለእሷ ግልጽ ነበር። ያ ጎሽ ደግሞ በየትኛውም እርሻ፣ በስንትም ራንድ አይሸጥም። ገንዘቡን በከንቱ እንደሚያፈስ፣ ቀንዱን ተሸክሞ እንደሚመጣ፣ አባታቸውም ቀንዱን አገላብጠው አይተው የቀኙ ከግራው አጠረ እንደሚሉት እርግጠኛ ነበረች። ይህ እንዳይሆን ነበር ፀሎቷ።

አራት ሰዓት ላይ ሦስቱም አብረው ወጡ። መምህር ዕንባቆም የሚሄዱት በሬ ለመግዛት ነው። ለመስቀል በሬ አብረው የሚያርዱት ጎረቤቶች ቱታ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ የዘንድሮ ገዥ እሳቸው ናቸው። አክሊሉ በሬውን ለመንዳት ያግዛቸውና ከዚያ ባንክ ይገባል። ጣቢታ ደግሞ እናቷ ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ያጠራቀሙት ቅቤ ከጃጁራ በሚኒባስ ስለሚመጣ መናኸሪያ ወርዳ ትቀበላለች፤ መንገዳቸው አንድ ነው። መስከረም ገና ጭቃው አልደረቀም። አክሊሉ ነጭ ስኒከሩን ለማዳን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ቀድሟቸው ሄደ። ጣቢታ ዕድሏን አገኘችና «አባዬ፣ አክሊሉን እኮ አንድ ነገር ብትለው...» ብላ ጀመረች። መምህር ዕንባቆም ቆም አሉ። «ምን ልበለው?» አሏት፤ የእውነት ጥያቄ ነበር፤ ዓይናቸውም የተቸገረ ሰው ዓይን ነበር። ቃሉን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ከወዲያ ማዶ «መምህር! መምህር!» እያለ ነስሩ መጣ። የቀረውን መንገድ ነስሩ ሲያወራ ሄዱ።

ነስሩ የበሬ አዋቂ ነው። አንድ ሺህ ብር ይከፈለዋል፤ በዚያች ብር የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ታፋውን ገፍቶ ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ይናገራል። ሲናገር አይሳሳትም ይባላል፤ ይባላል የሚለውም በብዛት እሱ ራሱ ነው። የከብት ገበያው በሰውና በሰንጋ ተጣቦ፣ ዝናብ ባቦካው መሬት ላይ ሻጭና ገዥ መዳፍ ለመዳፍ እየተማቱ ይከራከራሉ። ነስሩ አስራ አንድ በሬ አይቶ አስራ አንዱንም ናቀ። አስራ ሁለተኛው ከአንገቱ እስከ ታፋው ጥቁር፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ደረቱ መሬት ሊነካ የደረሰ ነበር። መቶ ሰባ ሺህ ተብሎ በመቶ አርባ ሁለት ሺህ አለቀ። «መምህር፣ ውፍረቱን ተወት ያድርጉት፤ ጠባዩን ይመልከቱ! ረጋ ያለ ነው። የዕርቅ ሽማግሌ ይበሉት!» አለ ነስሩ የበሬውን ጆሮ እያሻሸ። አክሊሉ ይህን ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ ሲያይ ቆይቶ «አባዬ፣ አንተም እኮ መሪ ቀጥረሃል» አለ። ጣቢታ ልትስቅ ፈለገች፤ ያባቷን ፊት አይታ ተወችው።

«እኔ ሥጋውን ይዤ ነው ቤቴ የምገባው» አሉ መምህር ዕንባቆም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በመናኸሪያው በር ያልፋል። የቅዳሜ መናኸሪያ፣ ያውም የመስቀል ሰሞን፣ ሰው ከነዕቃው የሚፈስበት ነው። ከአዲስ አበባ የሚገባው ፍራሽ፣ ቴሌቪዥንና ሕፃን አዝሎ ይወርዳል፤ ወደ ሆመቾና ወደ ዱራሜ የሚሄደው ግማሹ ተሳፍሮ ግማሹ ተንጠልጥሏል፤ ተሸካሚዎች «ጎን! ጎን!» ይላሉ፤ የቲኬት ልጆች አዲስ አበባን ደርሰውበት የማያውቁት አገር አስመስለው ይጠሯታል። ጣቢታ ቀድማቸው ደርሳ ቅቤውን በኮባ ቅጠል እንደተጠቀለለ ተቀብላ፣ ቅባቱ እንዳይነካት ከደረቷ አርቃ ይዛ፣ ከሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ስትቆም ወገኖቿ ሲመጡ አየች። ነስሩ ገመዱን ይዞ ከፊት፣ በሬው መሐል፣ አባቷና ወንድሟ ግራና ቀኝ ሆነው ይሄዳሉ፤ አይነጋገሩም። አክሊሉ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ነው። ባንኩም ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው።

ያኔ አንድ አውቶቡስ ከበሩ ሲወጣ በበሬው ጆሮ ሥር ጥሩምባውን ለቀቀው። የዕርቁ ሽማግሌ አንዴ ዘሎ፣ ገመዱን በጥሶ፣ ነስሩን ጭቃ ላይ አስቀምጦ መናኸሪያው ውስጥ ገባ። የሻይ ቤቱን ዱካዎች በተነ፤ የአቮካዶ ክምር አፈረሰ፤ አንድ ፍራሽ በቀንዱ ወግቶ ሦስት እርምጃ ያህል ለብሶት ሄደ። ሰው ጮኸ፤ በሬው በጩኸቱ ይብሱን አበደ። አክሊሉ ነጭ ስኒከሩን ረስቶ ከኋላው በረረ። ጅራቱን ያዘ፤ ተጎተተ፤ በሆዱ ተንፏቀቀ፤ ተነስቶ ደግሞ ሮጠ። በሁለቱ አውቶቡሶች መሐል ሲዞርበት ጠብቆ ቀንዱ ላይ ተንጠለጠለ። በሬው ወደ ግራ ወረወረው፤ አልለቀቀም። ወደ ቀኝ ወረወረው፤ አልለቀቀም። መምህር ዕንባቆም የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው፤ ጣቢታ በሕይወቷ ሲሮጡ አይታቸው አታውቅም። አሁን አንድ ጫማቸውን ጭቃው አስቀርቶባቸው፣ ኮታቸው እየተውለበለበ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ይሮጣሉ፤ ይጮኻሉም።

«ጎሽ! ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ!»

መናኸሪያው «የኔ ልጅ»ን አልሰማም። መናኸሪያው የሰማው ጎሽን ነው። ያያቸው ሰዎች ያዩት ጥቁር፣ ሰፊ፣ ቀንዳም አውሬና ከኋላው አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ «ጎሽ!» እያለ የሚጮህ የተከበረ ሽማግሌ ነው። መምህር ዕንባቆም ደግሞ ቃል ተሳስተው አያውቁም፤ ከዚያ ሕዝብ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው። «ጎሽ ነው! ጎሽ ከጫካ ገባ!» አለ አንድ ተሸካሚ ጆንያውን ጥሎ። የአዲስ አበባው ቲኬት ልጅ ዜማውን ሳይቀይር «ጎሽ ጎሽ ጎሽ!» እያለ የአውቶቡስ ጣራ ላይ ወጣ፤ የሰማው ሁሉ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ያለ ይመስል ተከትሎት ተንጠላጠለ። ሻይ ቤቱ በሩን ዘጋ። አንዲት ሴትዮ ሽንት ቤት ገብታ ከውስጥ ቆለፈች። በደቂቃ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ከመሬት ጠፋ፤ መሬት ላይ የቀሩት በሬው፣ አክሊሉ፣ መምህር ዕንባቆምና ቅቤ የያዘች ጣቢታ ብቻ ሆኑ።

ጩኸቱ ሲጠፋ በሬው ግራ ገባው። ቆመ። አክሊሉ በልጅነቱ ሆመቾ አያቱ ዘንድ የተማረውን እጁ አልረሳውም ኖሮ ሁለት ጣቶቹን በበሬው አፍንጫ ውስጥ ከትቶ ቆነጠጠና አንገቱን ቀና አደረገው። አለቀ። በሬው በረጅሙ ተነፈሰ፤ አክሊሉም ተነፈሰ። መምህር ዕንባቆም ደረሱ። ጣቢታ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ስህተት የሚፈልጉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙና፣ ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ከጉንጩ ላይ እየጠረጉ፣ ከሩጫው የተረፈችውን ትንፋሽ አጠራቅመው ቀስ ብለው «ጎሽ» አሉት። አክሊሉ አባቱን ማቀፍ አልቻለም፤ እጁ የበሬ አፍንጫ ውስጥ ነው። ግንባሩን አባቱ ትከሻ ላይ ጣለ። የሠላሳ አንድ ዓመት ሰውዬ፣ ባለ ሱቅ፣ ባለ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ጣራ ላይ በተኮለኮለ ሕዝብ ፊት ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ጣቢታ በደስታ ማልቀስ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቀች፤ ቅቤውን ከደረቷ አርቃ መያዟንም ረስታ ጨምቃ አቀፈችው፤ ሸሚዟ ቅቤ በቅቤ ሆነ።

«ነስሩ!» አሉ መምህር ዕንባቆም ወደ አንድ ሚኒባስ ጣራ ቀና ብለው። «ረጋ ያለ ነው አላልከኝም?»

«መምህር፣ እኔ የበሬ አዋቂ ነኝ እንጂ የጎሽ መች ሆንኩ!» አለ ነስሩ ከላይ። መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። ሰው ከየጣራው እየወረደ አክሊሉን ለመጨበጥ መጣ፤ ግማሹ በሬ መሆኑን አይቶ እያፈረ ሳቀ፤ ሩቅ የነበረው ግማሽ ግን ጎሽ አየሁ እንዳለ መኪናው ተነሳና ሄደ። አቮካዶዋ የተበተነባት ሴትዮ እንኳ ከፍለው ሲክሷት «ጎሽ ባይገባ ማን ይገዛኝ ነበር?» አለች። የአክሊሉ ስልክ ጠራ። ለአስር ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። ስልኩን ጣቢታ አውጥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። ዮሲ ነበር፤ ባለ እርሻው እየጠበቀ ነው፣ ላክ ወይስ ልቀቀው ይላል።

«ልቀቀው» አለ አክሊሉ። «ኧረ ገንዘቡማ አለ... አልፈራሁም ባክህ። እዚሁ አገኘሁት።»

«ሆሳዕና ውስጥ?» ሲል የዮሲ ጩኸት ከስልኩ ውጪ ድረስ ተሰማ።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ሮማን ስለ ባለቤታቸው ጫማ፣ ስለ ልጃቸው ስኒከርና ስለ ሴት ልጃቸው ሸሚዝ ለመጮኽ አፋቸውን ከፍተው፣ የሦስቱን ፊት ሲያዩ መልሰው ገጠሙት። በሬው ከጓሮ ታሰረ። መምህር ዕንባቆም ጉልበታቸውን አሟቸው ነበርና አክሊሉ ደግፎ አስገባቸው። የፕላስቲኳ ወንበር ላይ ነስሩ ተቀምጦ ሂሳቡን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሰመጥ አሉ። «ለካ ይመቻል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሻይ ተፈላ፤ ዳቦ ተቆረሰ፤ የቱታው አባላት አንድ በአንድ እየገቡ በሬውን አይተው እያመሰገኑ ተቀመጡ። አመሻሹ ላይ በሩን በርግዶ የገባው ግን የማዶው ጎረቤታቸው ጋሽ ዳኘ ነበር። ከጃጁራ አሁን መግባቱ ነው፤ ዝናብ ካፖርቱ ላይ አለ፤ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«መምህር፣ ጃጁራ ሌላ ወሬ የለም! የእርስዎ ልጅ ዛሬ መናኸሪያ ውስጥ የገባ ጎሽ በገመድ ጠልፎ ጣለ ይላሉ። እውነት ነው?»

መምህር ዕንባቆም ፓስተሩ በስብከት መሐል የተናገሩትን ግስ ሳይቀር ያረሙ ሰው መሆናቸውን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። አክሊሉ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ወይዘሮ ሮማን «በሬ ነው» ለማለት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መምህር ዕንባቆም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«የለም፤ ተሳስተዋል» አሉ። «ገመድ የሚባል ነገር አልነበረውም። በባዶ እጁ ነው የያዘው።»